እኛ ቤት «ፈራሁ» አይባልም

ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ ሆኜ ክፍል ልገባ አንድ ቀን ቀርቶኛል። የማስተምረው የጭንቀትና የስጋት ቃላትን በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከጉጉቴ ብዛት ምሳም በቅጡ አልበላሁ። «ዎሪ» የሚያሳስበውን ነገር ለሚያውቅ ሰው ነው። «አንግዛይቲ» ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ ልብ ሲረበሽ ነው። «ድሬድ» ደግሞ የማይቀረው ሲመጣ እያዩ መጠበቅ። እነዚህን እያነበነብኩ ከአባቴ ጋር ሮቢ ወንዝ ዳር ወዳለው የሽንኩርት ማሳችን ወረድኩ።

መንገድ ላይ፣ ሲጨንቃቸው ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው።

«ኸይር ነው እላለኋ» አሉ።

ሌላ መልስም አልጠበቅኩ። እኛ ቤት ፍርሃት በስሙ አይጠራም፤ የጠራው ሟርተኛ ይባላል። ዝናብ ቢቀር ኸይር ነው፣ ላም ብትታመም ኸይር ነው። እኔ ሦስት ቃል ሸክፌ መምጣቴ ለእሳቸው ሦስት መዓት መጥራት ነበር፤ ግን ማን ሊያስቆመኝ!

ማሳው ስንደርስ ከበላያችን ባለው ተራራ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ዘንድ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሮቢ ግን የሚሞላው እላይ በዘነበው ነው። ሽንኩርቱን የምናጠጣበት የውሃ ሞተር ደግሞ ወንዙ ውስጥ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። እሱን ጎርፍ ከወሰደው የዘንድሮው ሽንኩርት አበቃለት። አባቴ ሊያወጡት ወረዱ። እኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ዎሪ ማለት ይቺ ናት» ብዬ ደስ አለኝ። ለነገ ምሳሌ አገኘሁ።

ከዚያ ከወደ ላይ የድንጋይ መንኳኳት ተሰማ። አባቴ ጎንበስ ብለው ከሞተሩ ቱቦ ጋር ይታገላሉ፤ ቀና አላሉም። ሦስቱም ቃላት ጠፉብኝ። ሞተሩን ይተዉት እያልኩ፣ እየጮህኩ አፋፉን መውረድ ጀመርኩ። ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። ሞተሩን ጥለው ወደ እኔ ሮጡ፤ ክንዴን ይዘው ሽቅብ ጎተቱኝ።

ጎርፉ ጭቃና ግንድ እያንከባለለ ደረሰ። ሞተሩ አንዴ ብቅ አለና አጣነው። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ኸይር ነው» የሚሉ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«ፈራሁ፣ ልጄ» አሉ። «ስትወርጂ ሳይሽ ፈራሁ።»

በማግስቱ ልቤ እየዘለለ ክፍል ገባሁ። ከእንግሊዝኛው አስቀድሜ ሰሌዳው ላይ «ፈራሁ» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ተያዩ። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት።