በአልጣሽ ስለት የታሰረው ብስክሌት

ጋሽ አባይነህ ከአደጋው በኋላ ብስክሌታቸውን ለምን አልሸጡትም? ብዙ ጊዜ አስቤበት መልስ አላገኘሁለትም። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው አፓርትመንታቸው በረንዳ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ ቆመ። አይነዱትም። ልግዛው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ግን “አይሸጥም” ይላሉ፤ አልፎ አልፎም ጎማውን ይነፋሉ። የምኖረው ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ስለሆነ የፓምፑን ድምፅ እሰማ ነበር።

ጋሽ አባይነህ የባሕር ዳር ልጅ ናቸው። በእሳቸው ጊዜ እዚያ ብስክሌት መጫወቻ ሳይሆን እግር ነበር፤ ተማሪውም አናጢውም አስተማሪውም በእሱ ይሄድ ነበር። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ኤርፖርት አካባቢ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። ሳምንቱን መሪ ይዘው ከርመው በእረፍት ቀናቸው ሃይ ላይን ካናል በሚባለው የቦይ ዳር ጠጠር መንገድ በብስክሌት እስከ እንግልውድ ወርደው ይመለሱ ነበር። “ሰውነቴ ከመኪና የሚወርደው እዚያ ስደርስ ነው” ይላሉ።

የተገጩት ግን እዚያ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ “ስትመለስ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ይዘህልኝ ና” አሏቸው። ሽሮውን ገዝተው ከሱቁ ትንሽ እንደራቁ፣ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኋላ የወጣ ፒክአፕ ጣላቸው። ዳሌያቸውና ትከሻቸው ተሰበረ።

እትዬ አልጣሽ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚሠሩ፣ በሽተኛ አይተው የማይደነግጡ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክከው ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ። ባላቸው ከተረፉ ዣንጥላ ሊያስገቡ። ዣንጥላው ብቻ ያነሰ መስሏቸው ሌላ ጨመሩበት፤ ባላቸው ዳግመኛ ብስክሌት ላይ ላይወጡ። ጋሽ አባይነህ ተረፉ። ዣንጥላው ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ ብስክሌቱ ሸራ ለበሰ።

ጋሽ አባይነህ አልተከራከሩም። ለራሳቸው ፈርተው አይደለም። ስለት ሲፈርስ መዘዙ የሚወርደው በተሳለው ሰው ላይ ነው ብለው ያምናሉ፤ የተሳሉት ደግሞ እትዬ አልጣሽ ናቸው። ስለዚህ ዝም አሉ። ዝምታው ግን እንቅልፋቸውን ይዞት ሄደ። አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝቻቸው “እንዴት አደሩ?” ስላቸው፣ “ማደሩንስ አድሬያለሁ፤ መተኛቱ ነው የቀረኝ” አሉኝ።

ባለፈው ዓመት ስልሳ ሲሞላቸው ልጃቸው ኑኃሚን ከዴንቨር መጣች። ኑኃሚን እዚህ ያደገች፣ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። ስለ ስለቱ የነገራት ሰው አልነበረም፤ አባቷ ብስክሌት የተዉት ፈርተው ይመስላት ነበር። ምሳ ላይ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየቻቸው።

“ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ። በወይን እርሻ መሃል፣ በቦይ ዳር፣ አምስት ቀን። ኖ ካርስ፣ አባዬ። አንድም መኪና የለም፣ ሁሉም ጠጠር ነው። አንተና እኔ። ቡክ አድርጌዋለሁ።”

“ኮረኮንች ለመንዳት ፈረንሳይ ድረስ?” አሉ እትዬ አልጣሽ። “ኮረኮንችማ አገራችን በነጻ ነበር።”

“ማሚ፣ ፕሊስ።”

ጋሽ አባይነህ ሚስታቸውን አዩ። እትዬ አልጣሽ ሳህኑን አዩ። ልጅቷ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሂድ፣ አታሳዝናት” አሉ። “ሻንጣ የሚጭን መኪና አለ ብላለች። አንተ በእሱ ተከተላት።”

“ለብስክሌት ጉዞ ሄጄ መኪና ውስጥ ልቀመጥ?”

“ወይኑን በመስኮት ታየዋለህ።”

መስከረም ላይ ሄዱ። ወይኑ የሚለቀምበት ወቅት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ አባይነህ ዳሌያቸውን እንዳመማቸው ለኑኃሚን ነግረው ከሻንጣዎቹ ጋር ቫኑ ውስጥ ገቡ። ቫኑ የሚሄደው በአስፋልት ነው። እናም ከመኪና ሊርቁ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ቀኑን በከባድ መኪናዎች መሃል ዋሉ። ሾፌሩ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ዞር ብሎ አንድ ኮረብታ በጣቱ ያሳያቸው ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኑኃሚን ቫኑ የሚጠብቃት ቦታ ስትደርስ አባቷን መንገድ ዳር ተንበርክከው አገኘቻቸው። ለእሳቸው የተከራየችውን ብስክሌት ከቫኑ አውርደው ጎማውን እየነፉ ነበር።

“ዳሌዬን አመመኝ አላልክም?”

መዋሸት ሰለቻቸው። ብስክሌቱን ዛፍ አስደግፈው የስለቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት።

“ቆይ” አለች ኑኃሚን። “ማሚ ተሳለች፣ አንተ ትከፍላለህ?”

“ባልና ሚስት ጆይንት አካውንት ነው።”

“ኢት ኢዝ ኖት ፈኒ፣ አባዬ።”

“እኔስ መቼ ሳቅኩ? እናትሽ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ?”

“ደውልላትና ጠይቃት።”

“ሁለት ዓመት ያላነሳሁትን ዛሬ በስልክ?”

ኑኃሚን ራሷ ለእናቷ ደወለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። ኦሮራ ገና ጠዋት ነበር።

“አልጣሽ፣ ብስክሌቱ አጠገቤ ነው” አሉ ጋሽ አባይነህ። “ልውጣበት ብዬ አይደለም የደወልኩት። ግን አልዋሽሽም፣ ልወጣበት እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጌያለሁ።”

እትዬ አልጣሽ “አባ ባስልዮስ ጋ ሄጄ ነበር” አሉ። አባ ባስልዮስ የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው። “ኤርፖርት ላይ ኑኃሚን ሄልሜቷን አንጠልጥላ፣ አንተ ሻንጣ እየገፋህ ስትከተላት አይቼ አልቻልኩም። ትናንት ሄድኩ።”

“ምን አሉሽ?”

“ተቆጡኝ። ‘ሰው የሚሳለው በራሱ ነው፤ በሰው እግር ተሳይ ማን አለሽ?’ አሉኝ። ስለቱን ወደ እኔ አዞሩት። እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ነው የምሄደው።”

“ከቤት ጀምረሽ? ሩቅ ነው እኮ፣ አልጣሽ።”

“እግሩ የራሴ ነው። አንተን ግን ፈትተውሃል።”

“ታዲያ ትናንት ለምን አልደወልሽልኝም?”

“ተናድጄ ነበር።”

“በማን?”

“በራሴ ነዋ። በል ልጅቷን አታቁማት። ሄልሜት ሳታደርግ ደግሞ እንዳትወጣ።”

ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳቸው ጋሽ አባይነህ ነግረውኛል። መጀመሪያ እግራቸው ፔዳሉን ፈራው። ጥቂት ሄደው ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ የሚመጣ ነገር የለም። ደግመው ይዞራሉ፤ አሁንም የለም። ጆሯቸው ሞተር ይጠብቃል፤ የሚሰሙት ግን ከጎማቸው ሥር የሚንኮሻኮሸውን ጠጠር ብቻ ነው። በግራቸው የቦዩ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። በቀኛቸው ወይኑ በመስመር በመስመር ተተክሎ እስከ ኮረብታው ጫፍ ይወጣል፤ በመስመሮቹ መሃል ሰዎች ጎንበስ ብለው ዘለላ ይቆርጣሉ። አንዲት ለቃሚ ቀና ብላ አንድ ዘለላ ዘረጋችላቸው፤ ቆመው ተቀበሏት። ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ ዘር የበዛበት። “ከሱቁ ወይን ይጣፍጣል እንዳልል ዘሩ ጥርሴን ፈጀው” አሉኝ፤ ቢሆንም ጨርሰውታል።

“ትከሻዬን ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬ እንደምኖር አላውቅም ነበር” አሉኝ ደግሞ። “እዚያ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወረደ። የት እንደወረደ ግን አላየሁትም።”

ኑኃሚን ከፊት እየመራች ነበር። አንድ ጠባብ ድልድይ ካለፉ በኋላ አባቷ በጎኗ ሲያልፏት አየች።

“ዳሌህስ?” ብላ ጮኸችባቸው።

“ዳሌዬ አልተሳለም” አሉና ጥለዋት ሄዱ።

ማደሪያቸው የአንድ ወይን አምራች ቤተሰብ ቤት ነበር። ኑኃሚን እራት ልታዝዝ ታች ወርዳ ስትመለስ አባቷን አልጋው ላይ በጎናቸው ጋደም ብለው፣ አቧራ የጠጣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተኝተው አገኘቻቸው። ጫማውን ቀስ ብላ አወለቀችላቸው፤ አልነቁም። ለእናቷ “ተኛ” ብላ ቴክስት አደረገች። እትዬ አልጣሽ “ስንት ሰዓት ላይ?” ብለው መለሱ። ኑኃሚን ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ የለቃሚዎቹ ትራክተር ገና እየተመለሰ ነበር። “ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ” ብላ ጻፈችላቸው።