የአሞኒያ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጅ የጨፈለቀው እምቧይ ሸተተኝ። ያ መራራ ሽታ ቡሬ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ መምህር ይርጋ ፊት አደረሰኝ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ነበሩ፤ የኮታቸው እጅጌ ጠመኔ የማይለየው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ትምህርቱን የሚሰጠን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር፤ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ጥሎን ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ግን መምህር ይርጋ ከዘንቢላቸው እምቧይና የቀርቀሃ ስንጥር ያወጣሉ። ስንጥሮቹን እምቧዩ ላይ እየሰኩ፣ «የኤሌክትሮን ጥንዶች ይገፋፋሉ። አንዱ ከሌላው የቻለውን ያህል ይርቃል፤ ቅርጹ የሚመጣው ከዚያ ነው» ይሉናል።

በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና የአሞኒያን ቅርጽ ጠየቁን። ናይትሮጅኑ ላይ ብቻውን የቀረው ጥንድ ሦስቱን ሃይድሮጅኖች ወደ ታች ይገፋቸዋል ብዬ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ሣልኩት። ማዕዘኑን መቶ ሰባት ዲግሪ አልኩ። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ተሰርዟል፤ «ዝርግ ነው፤ መቶ ሃያ» ይላል። በዚያች አንድ ጥያቄ ፈተናውን ወደቅሁ።

እጄን አወጣሁ።

«መልሱ ተሰጥቷል። ተቀመጪ!» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ።

አባቴ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ከወደቅሁ ትምህርቱም የቡሬው የኪራይ ቤትም ይቀራል። ዕቃዬን ጠቅልዬ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ አገር ቤት ገባሁ።

በሳምንቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መምህር ይርጋ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ለብሶ ከደጃችን ቆሙ። አባቴ በርጩማ ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«አያ መኮንን፣ ልጅዎ አልወደቀችም። መጽሐፉን ደግሜ አየሁት፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ትክ ብሎ አያቸው። «ለዚችው ብለው ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጡት?»

«በሰው ፊት ነው ያስቀመጥኋት» አሉ። «በሰው ፊት አስነሣታለሁ።»

ሰኞ ጠመኔውን ሰጡኝ። አሞኒያን ሰሌዳው ላይ እንደ ጎጆ ክዳን ሣልኩት። ስጨርስ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «እሷ ልክ ነበረች። እኔ ሳላስተውል አርሜ፣ ስትጠይቀኝም አልሰማኋትም» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

መምህር ይርጋ ዐምና ዐረፉ። እኔም ዛሬ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በቀደም የፈተና ወረቀት ስመልስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ፈራ ተባ እያለች ተነሣች።

«ቲቸር፣ ይኼኛው ልክ ይመስለኛል።»

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥሁና መልሷን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብሁላት።