ለግራሩ ያጠርኩት አጥር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ ሳለ፣ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ የጫነ የአህያ ጋሪ አለፈ፤ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲንገጫገጭ ከጭነቱ ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ መንገዱ ላይ ተበተነ። ሌላ ሰው አቧራ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ብናኙን በጣቴ ነካሁት፤ የደረቀው እንጨት ሽታም ሳልፈልግ ወደ ኤዶ ሳህራ ግቢ መለሰኝ።

ኤዶ ሳህራ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ከመሀል አገር የመጣ ወታደር ልጅ ብሆንም ጅግጅጋ ተወልጄ ነው ያደግሁትና ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ መጠሪያ አላውቅላቸውም። በግቢያቸው መሀል ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ የዘረጋ ትልቅ ግራር ነበር። ሲያብብ ሽታው ማር ማር ይላል፤ ንቦቹም ከጠዋት እስከ ማታ ያጉረመርሙበታል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ ማንበብ የተለማመድኩት እዚያ ጥላ ሥር ነው። የኤዶ ፍየሎች ወረቀቱን ከእጄ እየነጠቁ ይበሉብኝ ስለነበር፣ መጨረሻቸውን ሳላውቅ የቀሩ ዜናዎች ብዙ ናቸው።

በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት፣ ፍየሎቹ ሌላ የሚበሉት ቢያጡ የግራሩን ቅርፊት ይልጡ ጀመር። ልጆቼ ሥራ ፈትተው ከሚውሉ ዛፉን በእሾህ እንጠር ብዬ ተነሳሁ። ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመው የደረቁ ግራሮች ነበሩ። ለምን እንደደረቁ ማንንም አልጠየቅሁም። የደረቀ እያለ ለምለም መቁረጥ ኃጢአት ነው እያልኩ፣ ለልጆቼ እየሰበክሁ አንድ ጋሪ ሙሉ ጭነን መጣን። ያኔ ገና አሥር ዓመት የሆናት ልጄ ሰላም አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው? በመርፌ የወጉት ይመስላል።»

«እጅሽ ይሥራ፣ አፍሽ ይረፍ» አልኳት።

በዓመቱ ኤዶ በየማለዳው ከግራሩ ሥር ነጭ ብናኝ መጥረግ ጀመሩ። ጫፉ ደረቀ፤ ቅጠሉም ያለወቅቱ ረገፈ። የመጣው የግብርና ባለሙያ ቅርፊቱን በቢላ ልጦ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ጥንዚዛ አሳየን። የእኛ አገር ነፍሳት አይደለችም፣ የእኛ ዛፎች መከላከያ የላቸውም፣ ካንዱ ቦታ ወደ ሌላው የምትዛመተውም ሰው የታመመ እንጨት ሲያጓጉዝ ነው አለ። ዓይኔን ከአጥሬ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው፣ ለሳምንታት ጥፋቴን ደበቅሁ። ማዕድ ላይ ሰላም ቀና ብላ ስታየኝ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ልታጠብ እነሳለሁ። ኤዶ ፊት ቀርቤ የተናገርኩት ዛፉ በባለሙያው ትእዛዝ ሊቆረጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

«ኤዶ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ጋር ነው የገባው።»

መቁጠሪያቸውን መቁጠር አላቆሙም። «ልጅህ ከነገረችኝ ቆየ። አንተ እስክትመጣ እየጠበቅሁ ነበር። ጢምህ ሸብቶም ጥፋትህን ለመናገር እግርህ ይከብዳል።»

ግንዱ ከግቢ ሳይወጣ እዚያው ተቃጠለ። እሳቱ ከእኔ ጥፋት ላይ ምን ያህሉን እንደበላ አላውቅም፤ ከእኛ ሰፈር እስከ ሸደር መንገድ ድረስ ባየሁት ግራር ሁሉ ሥር ጎንበስ ብዬ ብናኝ እፈልጋለሁ፤ አንዳንዱ ጋ አገኛለሁ። ልጅ ሲጠይቅ በተግሣጽ አፉን የሚዘጋ አባት፣ የሚዘጋው የገዛ ዓይኑን ነው።

አሁን ኤዶ ሳህራ በርጩማቸውን የሚያስጠጉት ወደ እኛ ግድግዳ ነው። ጠዋት ጥላው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ረፋድ ላይ እግራችንን እንሰበስባለን፤ ስድስት ሰዓት ሆኖ ጥላው ሲያልቅ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ተነስተው ይገባሉ። በግራሩ ዘመን ቀድሞ የሚያልቀው ወሬያችን ነበር።