የዘለልኩት አንቀጽ

ጊንጆ ሰፈር ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛዬ ከማውቃቸው ሰዎች ቤታቸው ድረስ የምሄድላቸው አንድ ብቻ ነበሩ፤ መንደራ ቆጪ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ የታሪክ መምህር። እኔንም አስተምረውኛል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ኢሜይላቸውን አነብላቸው ነበር።

የሚጽፉላቸው አንድ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ሰርቦ ከተማ አብረዋቸው ያስተማሩ፣ አሁን ወላይታ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ባልንጀራቸው። እኚህኛው ደግሞ ጆሯቸው አይሰማምና ስልክ አይሆንላቸውም። ደብዳቤያቸውን ሁሌም «የጌታ ሰላም ይብዛልህ፣ ወንድሜ» ብለው ይጀምራሉ።

አንድ ዓርብ እያነበብኩ ሳለ ዓይኔ ቀድሞኝ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ወረደ። «ከሰርቦ ያስነሳህን የክስ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የርዕሰ መምህርነቱን ቦታ ፈልጌ ነበር። ሳልነግርህ መሞት አልፈልግም» ይላል።

ያንን ዝውውር መምህሬ ስንት ጊዜ አውርተውልኛል። ገና ሙሽራ ሳሉ ከሚስታቸው ተለይተው ሁለት ዓመት ሩቅ አገር ኖረዋል፤ የከሰሳቸውን ሰው ግን አያውቁም።

«ምነው ቆምክ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«ኔትወርኩ ነው፣ ጋሼ።»

አንቀጹን ዘልዬ ባልንጀራቸው ስለ ልጅ ልጆቻቸው የጻፉትን አነበብኩ።

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ደብዳቤ ግን «ለነገርኩህ ነገር መልስ አልሰጠኸኝም» የሚል መጣ። እሱንም ዘለልኩት። በሦስተኛው «ዝምታህ ይገባኛል» አሉ። መምህሬ ምንም ሳያውቁ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው አበባ በደስታ ያስጽፉኛል። ያን ሰሞን እጄ ሥራ አልያዝ አለ፤ የፈታሁትን ብሎን የት እንዳስቀመጥኩት እረሳለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ ሁለቴ ካልደገመልኝ አልሰማም።

ታዲያ አንድ ቀን «ልጄ፣ ለዓይነ ስውር የሚያነብ ኮምፒውተር አለ ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። ደብዳቤዬን ራሴ ማንበብ አልችልም ወይ?» አሉኝ።

አይቻልም ማለት አቃተኝ።

የሚያነበው ድምፅ በተለመደው የኢሜይል ገጽ ላይ በማስታወቂያውና በሥዕሉ መሃል መንገድ ይጠፋበታል። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም መረጥኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር የተደረደረ ጽሑፍ እንጂ ሌላ የለውም፤ አንድ ፊደል ሲጫኑ ደብዳቤ ይከፍታል፣ ሌላ ሲጫኑ መልስ ያስጽፋል። ጣጣው ማዋቀሩ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚላክ፣ ሁሉንም በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን አልቀበል አለኝ። ሦስቴ ጻፍኩት፤ ልክ ነው። ለካስ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ለብቻው የሚሰጥ ሌላ የይለፍ ቃል ኖሯል። እሱን ሳስተካክል ደግሞ ፊደሉ ተበላሸ። ድምፁ «ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት» እያለ ቀጠለ።

መምህሬ ሳቁ። «ባልንጀራዬ ይህን ያህል ጠያቂ አልነበረም!»

እኔ አልሳቅሁም። እንደተበላሸ ቢቀር የሚል ሐሳብ በልቤ ነበር። ፊደላችንን የሚያውቀውን ኮድ ሳስገባለት ግን የቆዩት ደብዳቤዎች ሁሉ ጥርት ብለው ተደረደሩ፤ ሦስቱም አሉበት። ጣቴን ደብዳቤ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አደረግሁ። መምህሬ አጠገቤ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

«ጨረስክ?»

«ጋሼ፣ የበደልኩዎት ነገር አለ» አልኩና ጣቴን አነሳሁ። የዘለልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

ሙስበሃው ቆመ። «ያንብበው» አሉ።

ድምፁ አማርኛን እንደ ፈረንጅ ነው የሚያነበው፤ ለሐዘን ቀርቶ ለነጥብም አይቆምም። ያንን አንቀጽ ሁለቴ አስደገሙት። ከዚያ «አሁን ሂድ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ መጣ፤ አልሄድኩም። ሌላም ዓርብ አለፈ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ እሳቸው ሳይሆኑ ሲቀሩ ደግሞ ይከፋኛል። በመጨረሻ ደወሉ።

«ይህ ነገርህ አልልክም ይላል።»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። መምህሬ ድሮ የጽሕፈት መኪና ያውቁ ስለነበር ራሳቸው ጽፈዋል። አራት ደብዳቤ ሳይላክ ተከማችቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመላኪያውን ቁጥር ተሳስቼ ነበር ያስገባሁት። ደብዳቤዎቹን ሳልከፍት፣ ድምፁንም ዘግቼ፣ ቁጥሩን አስተካከልኩ። አንድ በአንድ ወጡ።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ ጋሼ።»

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ፤ እንደ ባዳ።

ክረምቱ ሲወጣ የኮምፒውተሩ ቻርጀር ተበላሽቶ አስጠሩኝ። በረንዳው ላይ እንግዳ አለ። ባልንጀራቸው ናቸው፤ ከወላይታ መጥተዋል። ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው ያወራሉ፤ መምህሬ ይሰማሉ። ከዚያ መምህሬ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋሉ፤ ባልንጀራቸው አንገታቸውን አስግገው ያነባሉ። ባትሪው እንዳያልቅባቸው ይቻኮላሉ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ በመሃላቸው እኔ የምገባበት ቦታ አልነበረም።

እንግዳው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ወደ መምህሬ ጠጋ አልኩ። «ይቅር አሏቸው?»

«ዘግይቶም ቢሆን ነገረኝ» አሉ መምህሬ። «አንተ ግን አፉ ላይ እጅህን ጫንክበት። ያንተ ገና ጊዜ ይፈልጋል።»



«በል፣ ቻርጀሩን እየው» አሉኝ።