በባሌ አፍ

ደም ግፊት እንዳለብኝ የታወቀው ናይሮቢ ከመጣን በኋላ ነው። ባሌ ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የውጭ ድርጅት ይሠራል፤ እንግሊዝኛ እንደ ልቡ ነው። እኔ ኢስትሊ ካለው ቤታችን ብዙም አልርቅም። ክሊኒክ ስሄድ አብሮኝ ይገባና ስለ እኔ ይናገራል። ዶክተሯ ወጣት ኬንያዊት ናት፤ እኔን እያየች ትጠይቃለች፣ መልሱን ከእሱ ትሰማለች።

የሰጠችኝ መድኃኒት ሳል አመጣብኝ። ደረቅ ሳል ነው፤ ጋደም ስል ይብስብኛል። ባሌ ጥቂት ጊዜ ታገሠና ትራሱን ይዞ ሳሎን መተኛት ጀመረ። አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ፣ "ይኼን ነገር ተዪው። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ እንቅልፍ ያስፈልገኛል" አለኝ።

"ግፊቱስ?"

"ጨው ቀንሺ። ደግሞ ነገር አታብሰልስዪ።"

ተውኩት። ሳሉ ጠፋ፤ እሱም ወደ አልጋው ተመለሰ።

በቀጠሮዬ ስሄድ ግፊቴ ጨምሮ ተገኘ። ዶክተሯ መድኃኒቱን በየቀኑ እወስድ እንደሆነ ጠየቀች። ያን ያህል እንግሊዝኛ ይገባኛል። ባሌ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይል "በየቀኑ" አላት። የሚያስጨንቀኝ ነገር እንዳለም ጠየቀች።

"ምንም የለም፤ ቤቷ ነው የምትውለው" ብሎ ፈገግ አለ።

መጠኑን ከፍ አደረገችው። የማልውጠውን ኪኒን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀጠሮዎችም እንዲሁ አለፉ። ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ "የእሷ ግፊት መድኃኒትም አይበግረው" እያለ ሲያወራ እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ የግራ ዓይኔ ድንገት ጨለመብኝ። ባሌ ጋ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ስለነበር አላነሳም። ደንበኛዬ የሆነችው ሽንኩርት ሻጭ እጄን ይዛ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝና ክሊኒኩ ድረስ ሄድኩ። ዶክተሯ ፊት ብቻዬን ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ባለቤትዎስ?" አለችኝ።

"የለም" አልኳትና ከገበያ በለቃቀምኩት ስዋሂሊ መናገር ጀመርኩ። የሳልን ስም ስላላወቅሁት ኡሁ ኡሁ ብዬ ሳልኩላት። መድኃኒቱን መተዌን፣ ከተውኩትም መቆየቴን ነገርኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። "ማማ፣ ይኼ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ያስላል። የማያስል ሌላ አለ። ያኔውኑ እቀይርልዎ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?"

ምን ልበላት? ፊት ለፊቷ እኮ ተቀምጬ ነበር።

ያን ዕለት መድኃኒቱን ቀየረችልኝና ወደ ዓይን ሐኪም ላከችኝ። ግፊቱ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ዓይኔ ግን እንደነበረ አልሆነም። ከፍተኛው ግፊት የዓይኔን የደም ሥር እንደጎዳው ሐኪሙ ነገረኝ፤ ዛሬም በግራ በኩል የሚመጣ ሰው አጠገቤ እስኪደርስ አላየውም።

ባሌ ከሥራ ሲመለስ "ምን አሉሽ?" አለኝ።

"መድኃኒቱን ቀየሩልኝ።"

"ለምን?"

"ስለሚያስለኝ።"

ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። "ታዲያ ይኼን ቀደም ብለሽ ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?"

አሁን ክሊኒክ የምሄደው ብቻዬን ነው። ምን እንደተባልኩ ሲጠይቀኝ "ደኅና ነኝ" እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የምነግረው ነገር የለኝም።