ኡስታ ተሰማና የናፍጣው ክዳን

ሱዳን አገር፣ ባሕሪ ከተማ ውስጥ፣ ወርሻ የሚባሉት የጥገና ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ በር አጠገብ ሻይ አፈላለሁ። ማዘንጊያ እባላለሁ። ቂመኛ ነሽ ይሉኛል፤ አዎ ነኝ። ይህንንም የማወራው የሰብስቤ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ ስላልወጣ ነው።

ጋሽ ተሰማ እዚህ ጋራዥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። በመተማ በኩል ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ። የናፍጣ ፖምፓ መፍታት የተማሩት ከአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞቱ «ኡስታ» የሚለው መጠሪያ ወደ እሳቸው ዞረ። በእኛ ጋራዥ ኡስታ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጨንቀው የሚጠራው ሰው።

ሰብስቤን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቺያቬ ከፒንሳ ሳይለይ መጥቶ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ፖምፓ ፈታ። ከዚያ በ2006 ዓ.ም. ለጋራዡ ባለቤት ለሐጅ አብዱልሰላም «የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ እያበላሸ ነው» ብሎ ሹክ አለ። ነጭ ውሸት! በየቀኑ ሻይ የማቀብላቸው እኔ ነኝ፤ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ይዘው ጠብታ አፍስሰው አያውቁም።

ሐጅ ግን አመኑት። ጋሽ ተሰማ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ እንዲያጥቡ በሩ ጋ ተቀመጡ። ሰብስቤ ጠረጴዛቸውን ወረሰ፣ መጠሪያቸውንም ጭምር። እሳቸውን «ዓሚ» ይላቸው ጀመር። አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ለማንኛውም ሽማግሌ የሚባል የአክብሮት ቃል። ቢሰድባቸው መልስ አያጡም ነበር። በአክብሮት ገፍቶ ሲያስቀምጣቸው ግን ምን ይበሉ? እሳቸው ዕቃ ማጠባቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ተቃጠልኩ።

በዓመቱ ሁዘይፋ የሚባል ሾፌር ከገዳሪፍ ማሽላ የሚያመላልስበትን መኪና አስጎትቶ መጣ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይሠራና ቀጥ ይላል። ሰብስቤ ፖምፓውን ፈታ።

ጋሽ ተሰማ ሻያቸውን እየጠጡ መኪናውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ማዘንጊያ፣ የታንኩ ክዳን አዲስ ነው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም መሰለኝ። አየር ካልገባ ናፍጣው አይሳብም» አሉኝ። ሊነግሩት ብድግ ሲሉ ሰብስቤ ከውስጥ ጮኸ።

«ያ ዓሚ! ያን ዕቃ ቶሎ እጠብ፣ ያላ!»

እጠብ አላቸው። ያሳደጉት ልጅ አንተ አላቸው። ጋሽ ተሰማ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ከነገሩት እኔና እርስዎ ተቆራረጥን» አልኳቸው።

«አልነግረውም» አሉ።

በአራት ቀን ፖምፓው ሦስት ጊዜ ተፈታ፣ ሦስት ጊዜ ተገጠመ። በየቀኑ ለሰብስቤ ሻይ ስወስድለት ፊቱን አይ ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ሁዘይፋ «ወላሂ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ!» እያለ ጋራዡን አናወጠው። ሐጅ ወጡና ሰብስቤን ዓይን ዓይኑን አዩት።

ሰብስቤ እስከ ክርኑ ግራሶ እንደተቀባ ወደ በሩ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቆመ።

«ኡስታ ተሰማ፣ በእናትዎ፣ ይህን ነገር ይዩልኝ።»

ጋሽ ተሰማ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «አንተ ዓሚ በለኝ» አሉት። «ኡስታ የሚለኝ ሙያ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ከዚያ ሞተሩን አስነሡ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ማሳል ጀመረ። ጋሽ ተሰማ ታንኩ ጋ ሄደው ክዳኑን ሲፈቱት ፍስስ ብሎ አየር ሳበ፤ እኔ እንኳ ከበሩ ሰማሁት። ሞተሩ እንደገና ድምፁን አስተካከለ። ክዳኑን ለሰብስቤ ሰጡት።

«ቀዳዳ አውጣለት፤ እጅህ ካልተንቀጠቀጠ።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ሐጅ ግን አልሳቁም፤ የጋሽ ተሰማን እጅ ነበር የሚያዩት።

አዘንሽለት ወይ የሚሉኝ አሉ። አላዘንኩለትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሐጅ ከመኪናቸው ሳይወርዱ «ኡስታ!» ብለው ተጣሩ። ዕቃ ማጠቢያው ጋ የተቀመጠው ሰብስቤ ልማዱ ሆኖ ቀና አለ። ጋሽ ተሰማ ከጠረጴዛቸው ሳይዞሩ «አቤት» አሉ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን ማጠብ ቀጠለ።