ጨው ጫኟን መርከብ ፍለጋ እስከ ዳባት

ከጎንደር የወጣሁት ወደ ደባርቅ በሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ጉዳዬ የመርከብ ነበር። ከጣና በቀር ሰፊ ውሃ አይቶ የማያውቅ የደብር አገልጋይ መርከብ ፍለጋ ዳገት ሲወጣ ያስቃል፤ እኔን ግን ሳቅ ከራቀኝ ሰንብቷል። ከምጽዋ ጨው የምትጭን ትንሽ መርከብ ሰጠመች የሚል ወሬ ገበያውን ሞልቶታል፤ ታናሽ ወንድሜ ዘውዱ የሚሠራው እንዲህ ባለች መርከብ ላይ ነው። እናታችን እህል መቅመስ ትታለች።

ኮሶዬ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ቆምን። ሾፌሩ ሽሮ አዘዘ፤ እኔ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመስኩም። ከዚያ ወዲያ ያለው ደጋ የታጨደ የገብስ ማሳና እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነው።

ዳባት

ገብሬን ያገኘሁት በአባቱ በአያ ታከለ ቤት ነው። ከዘውዱ ጋር በአንድ መርከብ ሲሠራ ቆይቶ፣ ታሞ በቅርቡ የተመለሰ ሰው ነው። ዘውዱ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ፈረስ እንደገዛ ሰው ስለ መርከቢቱ ይኩራራብን ስለነበር ልኳን በቃሌ ይዣለሁ።

“ርዝመቷ ስልሳ ሜትር፣ የምትሸከመው ስምንት መቶ ቶን፣ ጨውና ስንዴ ያለ ጆንያ የሚፈስባቸው ሁለት ጎተራዎች ያሏት። የሰጠመችው እሷ ናት?”

“አይደለችም” አለኝ ገብሬ። “የሰጠመችው ባለ ሦስት ጎተራዋ አሮጌ ናት። የኛዋ ሸጋ ናት፤ ይኸኔ ዓደን ወደብ ስንዴ ትጭናለች።”

እፎይ አልኩ። “ዘውዱስ?” ስል አያ ታከለ ቀደሙት።

“ምነው ልጄ፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ እንጂ!”

ዶሮ ቀረበ። በላሁ፤ ጠጣሁም። ገብሬ ስለ ጭስ ማውጫዋና ስለ ፍጥነቷ የጠየቅሁትን ሁሉ መለሰልኝ፤ እሱ ግን አልበላም። በሽታው ነው ብዬ አዘንኩለት።

መልስ

አያ ታከለ ጎንደር ጉዳይ አለኝ ብለው አብረውኝ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ስለ መርከቢቱ ስለፈልፍ እሳቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ሜዳ ሜዳውን ያያሉ።

“አያ፣ ምነው ዝም አሉ?”

“ብርዱ ነው፣ ልጄ።”

ጎንደር ስንደርስ ቤታችን እንዲያድሩ ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ የነፍስ አባታችንን ቤት ጠይቀውኝ ሄዱ። እኔ ለእናቴ የምሥራቹን ነገርኩ፤ እራት በላች።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። የነፍስ አባታችን፣ አጎቶቼ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፤ ከኋላቸው አያ ታከለ። በአገራችን መርዶ በመንገድ ላይ፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከቤት ነው። ዘውዱ ጨው ሲያራግፍ ጎተራ ውስጥ ወድቆ መሞቱን የሰማሁት ኋላ ነው፤ መርዶ መሆኑን ግን ያን ሕዝብ ሳይ አወቅሁ። ገብሬ አልዋሸኝም፣ መርከቢቱ ደህና ነበረች። ከዚህ ጉዞ የተረፈኝ ትምህርት ይኸው ነው፤ መርከብ ደህና ስትሆን ሰዋችን ደህና ነው ማለት አይደለም።

እናቴ ግን ያን ሁሉ ሰው ስታይ ፊቷ በራ። “ደስታችንን ሰምተው ነው! ምነው ቆመህ ታያቸዋለህ፣ ግቡ በላቸው እንጂ” አለችኝና መቀመጫ ልታሰናዳ ጎንበስ አለች።